ሐዋሳ ተለክቶ ባሪ የሚለበስ፦ ለውሃ ውስጥ ዓሣ አደን ዌትሱት አመራረጥ

ሐዋሳ ላደገ ሰው ዓሣ ብርቅ አይደለም። ጠዋት ሐይቁ ዳር ካለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዶ ቆሮሶው ከመረብ ሲፈታ አይቷል። ከአባ ኮዳ ጋር እየተጋፋ የዓሣ ሾርባ ጠጥቷል። ትንፋሽ ይዞ ውሃ ውስጥ ገብቶ ዓሣን በጦር መውጋት ግን ለእኛ እንግዳ ነገር ነው። እኔም ያወቅሁት የአክስቴ ልጅ ጣሊያን፣ ባሪ ከተማ ከገባ በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጠይቀው ሄጄ አብሬው ባሕር ገባሁ። ጥቅምት ነበር፤ ውሃው 20 ዲግሪ ገደማ ነው። ለመጥለቅ የሚለበሰውን የጎማ ልብስ፣ ዌትሱቱን፣ ስገዛ «ቲሸርት ስንት ነው የምትለብሰው?» ተባልኩ። «ላርጅ» አልኩ። ላርጅ ተሰጠኝ። ለበስኩት፣ ተመቸኝ፣ ከፍዬ ወጣሁ። መጠርጠር የነበረብኝ እዚያው ላይ ነበር፤ ይህ ልብስ እንደ ፒጃማ ከተመቸ ሰፍቷል ማለት ነው። አንገቴን ደፍቼ ገና ስጠልቅ ከወገቤ ከፍ ብሎ፣ ጀርባ ጎድጎድ በሚልበት ቦታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሽው ብሎ ገባ። ወደ ላይ ስመለስ ይወጣል። እንደገና ስጠልቅ አዲሱ ይገባል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላኝ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። የአክስቴ ልጅ ከእኔ የሳሳና ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ልብስ ለብሶ ሁለት ሰዓት ቆየ። ኦክቶፐስ ሁሉ ይዞ ወጣ።

ዘንድሮ አንድ የአቶቴ ሰፈር ልጅ ለትምህርት ወደዚያው ባሪ ሊሄድ ሆነና «ልብሱን እንዴት ልግዛ?» ብሎ መጣ። ሐዋሳ ውስጥ ገብታችሁ የምትለኩበት ሱቅ የለም። ያለው መንገድ ልክን በደንብ ወስዶ ከውጭ ለሚመጣ ሰው መላክ ነው። እንዴት እንዳደረግነው በቅደም ተከተል እነሆ።

1. ልብሱ በምን እንደሚያሞቅ ይግባችሁ

ብዙ ሰው ዌትሱት ውሃ የማያስገባ ይመስለዋል። ያስገባል፤ ስሙ ራሱ «እርጥብ ልብስ» ማለት ነው። የሚሠራው ኒዮፕሪን ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ጎማው ስፖንጅ ይመስላል፤ ቀዳዳዎቹ ግን እርስ በርሳቸው አይገናኙም። በእያንዳንዷ ጥቃቅን ቀዳዳ ውስጥ ጋዝ ታፍኗል። ሙቀታችሁን የሚጠብቀው ያ ጋዝ ነው። በልብሱና በቆዳችሁ መካከል የምትገባዋን ስስ ውሃ ደግሞ ገላችሁ ያሞቃታል።

ኒዮፕሪንን እ.ኤ.አ. በ1930 የፈጠሩት የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስቶች ናቸው። ለጠላቂ ልብስ ያዋለው ግን ሂዩ ብራድነር የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ። ሰውየው የገባው ነገር ቀላል ነበር። ጎማው ውስጥ ጋዝ እስካለ ድረስ ገላ ቢረጥብም አይበርደውም።

ጣጣው ያቺ የሞቀች ውሃ ስትወጣ ነው። ውሃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል አብልጦ ሙቀት ይወስዳል። ልብሱ ከሰፋ በተንቀሳቀሳችሁ ቁጥር እንደ ፓምፕ የሞቀውን አውጥቶ ቀዝቃዛውን ይስባል። ለዚህ ነው ልክክ ያለ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ልብስ ከሰፊ ባለ 5 የሚሻለው። በዚያ ላይ አዳኝ እንደ ዋናተኛ አይንቀሳቀስም። ድንጋይ ተጠግቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ዓሣው ራሱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ዝም ብሎ የተኛ ሰው ደግሞ ቶሎ ይበርደዋል።

2. የምትገቡበት ውሃ ስንት ዲግሪ እንደሆነ እወቁ

ውፍረቱን የሚወስነው ይህ ነው። ከ27 ዲግሪ በላይ ለሆነ ውሃ 1.5 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከ22 እስከ 26 ባለው 3 ሚሊ ሜትር። ከ16 እስከ 21 ባለው 5። ከዚያ በታች 7። ቶሎ የሚበርዳችሁ ከሆነ አንድ ደረጃ ጨምሩ፤ እኔ ከነዚያ ወገን ነኝ።

የባሪ ባሕር ነሐሴ ላይ 26 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። የካቲት ላይ ወደ 13 ይወርዳል። አንድ ልብስ ለዓመቱ ሙሉ አይሆንም ማለት ነው። የእኛ ልጅ ግን ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ነበር የሚበቃው፤ 5 ሚሊ ሜትር አልነው። በሞቃቱ ወራት ትንሽ ይሞቀዋል፣ በቀዝቃዛው ወራት ባሕር አይገባም። ጅቡቲ ለምትሄዱ ግን 5 ሚሊ ሜትር መታፈን ነው፤ እዚያ ውሃው በቀዝቃዛው ወቅት እንኳ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው።

«እዚሁ ሐይቃችን ውስጥስ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ይቅርባችሁ። ውሃው ደፍራሳ ስለሆነ ከክንዳችሁ ርቆ ያለውን አታዩም፤ የማያዩትን በጦር መውጋት ደግሞ ሰው መውጋት ነው። ጉማሬ አለ። የአሣ አጥማጆች መረብ አለ፤ የሰው እንጀራ ከመቅደድ አልፎ እናንተንም ያጠምዳል። ቢልሃርዚያም አለ። ትሉ በቆዳ ሰርስሮ ነው የሚገባው፤ ዌትሱት ደግሞ ፊትንና እጅን አይሸፍንም፣ ውሃም ያስገባል። እዚህ የምንሠራው ልክ መውሰድና መሞከር ብቻ ነው።

አደኑን በተመለከተ የየአገሩ ሕግ ይለያያልና ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ጣሊያን ውስጥ ለምሳሌ የአየር ጋን አዝሎ ማደን ክልክል ነው። በራስ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚፈቀደው።

3. ዓይነቱን ምረጡ

ለዓሣ አደን የሚሠራው ልብስ ጃኬትና ሱሪ ሆኖ ለብቻ ለብቻ ነው። ጃኬቱ ኮፍያው አብሮት የተሰፋ ነው። ዚፕ የለውም፤ ዚፕ ውሃ ማስገቢያ በር ነው፣ ሲተኙበትም ይቆረቁራል። ከጃኬቱ ኋላ እንደ ጭራ የሚንጠለጠል ቁራጭ አለ። በእግር መሀል አልፎ ፊት ለፊት ይቆለፋል፤ ጃኬቱ ወደ ላይ እንዳይሸሽ የሚይዘው እሱ ነው። ደረቱ ላይ ወፈር ያለ ንጣፍ መኖሩንም እዩ። ጦሩን የሚያስፈነጥረው የዓሣ ጠመንጃ ላስቲክ የሚወጠረው ሰደፉን ደረት ላይ አስደግፎ ነው፤ ንጣፍ ከሌለ ደረታችሁ ይበልዛል።

ሱሪው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እስከ ጎድን አጥንት ከፍ ብሎ ይቆማል። ሌላው እንደ መካኒክ ቱታ ትከሻ ላይ የሚያዝ ማንገቻ አለው። ማንገቻ ያለው ይበልጥ ያሞቃል፤ ደረት ላይ ግን ድርብ ስለሚሆን ትንፋሽ ያጠብባል። እኔ ከፍ ያለውን እመርጣለሁ።

የውስጥ ገጹ ላይ ቆም በሉ። አንዳንዱ ልብስ ከውስጥም ከውጭም ጨርቅ የተለበጠ ነው። ለመልበስ ይቀላል፣ አይቀደድም፤ ግን በጨርቁና በቆዳ መካከል ውሃ ይንሸራሸራል። ሌላው ከውስጥ ጨርቅ የለውም፣ ባዶ ጎማ ነው፤ ክፍት ቀዳዳ ይሉታል። ጎማው ሲቆረጥ የተከፈቱት ቀዳዳዎች ቆዳ ላይ እንደ ቬንቶሳ ይጣበቃሉ። ሙቀቱ ሌላ ነው። ጥፋቱ ሁለት ነው፤ ጥፍር ከነካው ይቀደዳል፣ ደረቅ ገላ ላይም በጭራሽ አይገባም። ትዕግሥት ካላችሁ ከውስጥ ክፍት ቀዳዳ፣ ከውጭ ጨርቅ የሆነውን ግዙ። ውጩም ባዶ ጎማ የሆነው ድንጋይ ለድንጋይ ለሚሄድ ጀማሪ አይሆንም።

4. ልካችሁን አስወስዱ፤ ትርፍ ሳይተዉ

ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ልጁን ይዤ መሀል ከተማ ወዳለ የማውቃቸው ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲንጀር ላይ ተቀምጠው ነው የኖሩት። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው በልጁ ደረት ዙሪያ አዞሩና፣ ሳያስቡት፣ ሁለት ጣታቸውን ከሜትሩ ሥር ሰደዱ። «98» አሉ።

«ጋሼ፣ ጣትዎን ያውጡልኝ» አልኳቸው።

ቀና ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ታዲያ በምን ይተነፍሳል ልጄ?»

«ጎማ ነው፣ ራሱ ይሳባል።»

ጣታቸውን አወጡ። 94 ሆነ። ጋሼ በጣም አላመኑኝም፤ «ሲቀደድ እኔን እንዳትጠሩኝ» አሉ። ግን ለኩ።

ይህች 4 ሴንቲ ሜትር ቀላል አይደለችም። የጣሊያን ልብስ ቁጥር የደረት ዙሪያ ግማሽ ነው። 94 ሲካፈል ለሁለት 47 ነው፤ 48 ቁጥር ይገዛል። 98 ሲካፈል 49 ነው፤ 50 ቁጥር ይመጣል። ሁለት ጣት አንድ ሙሉ ቁጥር አሳሳተ ማለት ነው። ልብስ ሰፊዎቻችን ማስተንፈሻ መተው ሙያቸው ነው፣ ለሱፍም ለቀሚስም ልክ ናቸው። ለዌትሱት ግን «ትርፍ የለም፤ ሜትሩ ገላ ይንካ፣ ግን አይጨቁን» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ልብስ ለብሳችሁም አትለኩ። በስስ ቁምጣ ብቻ።

የሚለካውን ልዘርዝር። ቁመት ያለ ጫማ፤ ክብደት ጠዋት። ራስ፣ ከቅንድብ ከፍ ብሎ ዙሪያውን። አንገት። ደረት፣ ከብብት ሥር፣ ሳይነፉ፣ እንደ ወትሮው ቆሞና እየተነፈሱ። ወገብ፣ እንብርት ላይ። እዚህ ላይ ሆድ ወደ ውስጥ መሳብ ክልክል ነው፤ ቦርጭ ባሕር ውስጥም አብሮ ይገባል። ዳሌ፣ ሰፊው ቦታ ላይ። ጭን ከላይ፣ ባት፣ ቁርጭምጭሚት። የላይኛው ክንድ፣ የእጅ አንጓ። የእጅ ርዝመት ከትከሻ አጥንት። የእግር ርዝመት በውስጥ በኩል።

አንድ የሚረሳ አለ፤ የግንድ ርዝመት። ከአንገት ሥር ብቅ ካለችው አጥንት ጀምሮ፣ በጀርባ ወርዶ፣ እግርና እግር እስከሚገናኙበት። ሁለት ሰው እኩል ቁመት ኖሯቸው አንዱ እግረ ረጅም፣ ሌላው ግንደ ረጅም ሊሆን ይችላል። ግንዱ ረጅም የሆነው ጃኬቱ ያጥረውና ያ ጭራ መሳይ ነገር ጭኑ መሀል እየሰረሰረ ያሰቃየዋል። ግንደ አጭሩ ደግሞ ጀርባው ላይ ጎማው ይከማችበታል፤ በእኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፣ ውሃው በዚያ በተከማቸው እጥፋት ነበር የሚገባው።

ሁሉንም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያየ ቀን ለኩ። ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ ሦስተኛ ይለካ።

5. ከሰንጠረዡ ጋር አመሳክሩ

እያንዳንዱ አምራች የራሱ የልክ ሰንጠረዥ አለው። የክሬሲ ሚዲየም ከኦመር ሚዲየም ጋር ላይገጥም ይችላል። ሁልጊዜ የምትገዙትን ሞዴል ሰንጠረዥ እዩ እንጂ «እኔ ሚዲየም ነኝ» ብላችሁ አትላኩ።

ልካችሁ በአንዱ ሳጥን ውስጥ ሁሉም እኩል አይገባም። ደረትና ክብደት ይቅደሙ። ቁመት ይከተል። እጅጌው ወይም የሱሪው እግር 2 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ምንም አይደል፤ ደረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ግን ልብሱ ተበላሸ። ሁለት ቁጥር መሀል ከወደቃችሁና ጎማው ለስላሳ ከሆነ አነስ ያለውን ውሰዱ። ደረቅ ያለ፣ ርካሽ ጎማ ከሆነ ከፍ ያለውን። ጃኬቱና ሱሪው ለየብቻ የሚሸጥ ከሆነማ ዕድለኞች ናችሁ፤ ደረተ ሰፊና እግረ ቀጭን ሰው ጃኬት 50፣ ሱሪ 48 ማድረግ ይችላል።

ሴቶች የሴት ልክ ግዙ። የወንድ ትንሹን ወስዶ «ይሆናል» ማለት አያዋጣም፤ ደረት ላይ ይጨቁናል፣ ወገብ ላይ ክፍት ይቀራል። ሰውነታችሁ ከየትኛውም ሰንጠረዥ ጋር አልሄድ ካለ ጣሊያን ውስጥ በልክ የሚሰፉ አሉ። ዋጋው ይጨምራል፤ ጋሼ የለኩትን ወረቀት ግን እንዳለ መላክ ትችላላችሁ።

6. አለባበሱን ተማሩ

ልብሱን የሚያመጣው ሰው ስንት ቀን እንደሚቆይ ቀድማችሁ ጠይቁ። እሱ ሳይመለስ መሞከር አለባችሁ፤ ካልሆነ ይዞት ተመልሶ ሊያስቀይርላችሁ ይችላል። ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚቀይር ሱቅ ግን አታገኙም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ቤት ውስጥ ነው።

ጥፍር ቁረጡ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለብ ያለ ውሃ ሙሉበትና የፀጉር ኮንዲሽነር ወይም የሕፃን ሻምፑ ጠብ አድርጉበት። አንድ እጅ ለአሥር እጅ ውሃ ይበቃል። የዕቃ ማጠቢያ ላርጎ አይሁን፤ ቆዳ ያቃጥላል። ሱሪው ውስጥ አፍስሱና እያሻሻችሁ ሁሉም ቦታ ይዳረስ። ከዚያ እግር፣ ጉልበት፣ ጭን፣ ቀስ በቀስ። በጣት ጫፍ አትጎትቱ፤ በመዳፍ ጨብጡ። የቁርጭምጭሚቱ ቦታ ሳይደርስ ወደ ላይ ከጎተታችሁ መጨረሻ ላይ ወገቡ ያጥራል።

ጃኬቱ ሁለቱ እጆች መጀመሪያ ይገባሉ፣ ጭንቅላት በመጨረሻ። ጭንቅላታችሁ መሀል ላይ ሲደርስ ጨለማ ነው፣ ያፍናል፣ እጅም ወደ ላይ ተሰቅሏል። አትደንግጡ። የእኛ ልጅ እዚያ ላይ ሲደርስ «አውጡኝ!» ብሎ ጮኸና እናቱ ከጓዳ እየሮጡ መጡ። ልጃቸው ጥቁር ጎማ ውስጥ ተሰንቅሮ፣ ሻምፑ እያንጠባጠበ፣ ግድግዳ እየደባበሰ ነበር። «በስመ አብ!» አሉ። ሳቃችንን ሳንጨርስ ጭንቅላቱ ብቅ አለ። የመጀመሪያ ቀን ብቻችሁን አትልበሱ፤ አታውልቁም። ስታወልቁ አንድ ሰው ከትከሻ እየገለበጠ ቢስብላችሁ ግማሽ ሥራው አለቀ።

7. ከለበሳችሁ በኋላ የት የት እንደምትነኩ

መጀመሪያ ጀርባ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ሰው ከወገባችሁ ከፍ ብሎ ጎድጎድ ያለችውን ቦታ በመዳፉ ይጫን። ገላችሁን ወዲያው ካገኘ ደግ። እንደ ትራስ ወደ ውስጥ ከሰመጠ እዚያ ባዶ ቦታ አለ፤ ውሃ ይሞላዋል። በዚህ ከወደቀ ሌላውን መፈተሽም አያስፈልግም፣ ይመለስ።

ቀጥሎ ብብት። እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ። ጎማው ከብብት ተነጥሎ እንደ ሌሊት ወፍ ክንፍ ከተወጠረ ልኩ አይደለም። ጭን መገናኛው ላይም እንደዚያው፤ ቁጢጥ ብላችሁ ተነሱ፣ ሱሪው ወደ ታች ተንሸራቶ መቅረት የለበትም። ከጉልበት ኋላና ከክንድ መታጠፊያ ላይ ትንሽ መጨማደድ የተለመደ ነው።

ከዚያ ትንፋሽ። በሆድ ጀምራችሁ በደረት ጨርሳችሁ እስከ ጥግ ሳቡ። አምስት ጊዜ። ልብሱ መቃወሙ አይቀርም፤ ግን ሳንባችሁን ሳትሞሉ ካስቆማችሁ ጠቧል። አዳኝ ያለው ሀብት አንድ ትንፋሽ ነው፤ እሱን የሚቀማ ልብስ ምንም ቢያሞቅ አይጠቅምም። አዲስ ልብስ ደረቅ ቦታ ላይ ከውሃ ውስጥ ይልቅ ይጨቁናልና ትንሽ መጥበቡ አያስፈራችሁ።

አንገትን በቀላሉ አትዩት። ምራቅ ዋጡ፣ ወደ ግራና ቀኝ ዙሩ፣ አገጫችሁን አንሱ። ሁለት ደቂቃ ቆዩ። ራስ ካዞራችሁ ወይም ፊታችሁ ላይ ደም የሞላ ከመሰላችሁ አውልቁት። አንገት ጎን ላይ ያለው የደም ሥር ሲጫን የልብ ምት ይቀንሳል፣ ሰው ሊዝለፈለፍ ይችላል። ያ ነገር ውሃ ውስጥ ከሆነ አለቀ። «ይለቅ ይሆናል» ብሎ መጠበቅ የማይሆንበት ቦታ ይኸ ነው።

ኮፍያው ከአገጭ ሥር እስከ ግንባር መሀል ፊትን ዙሪያውን ይጨብጥ። አፋችሁን ስትከፍቱ አይሸሽ። የመጥለቂያ መነጽሩ የጎማ ጠርዝ ፊት ቆዳ ላይ እንጂ ኮፍያው ላይ አይቀመጥ፤ ካልሆነ ውሃ ያስገባል።

8. ገንዳ ውስጥ ሞክሩት

የቤቱን ፈተና ካለፈና የማስቀየር ሐሳብ ከሌላችሁ ወደ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ሂዱ። ቀድማችሁ ለኃላፊው ንገሩ፤ እኛን ጥበቃው ከፍ ዝቅ አድርጎ አይቶ «የቀረጻ ሥራ ነው?» ብሎ ጠይቆናል።

አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ይጠብቃችሁ፤ ገንዳም ቢሆን ትንፋሽ ይዞ መጥለቅ ለብቻ አይደረግም። ገባ ብላችሁ ከጭንቅላት ወደ ታች ጥለቁ፣ ተመለሱ፣ እጅ ዘርጉ። ትኩረታችሁ ጀርባ፣ ብብትና አንገት ላይ ይሁን። መጀመሪያ ትንሽ ውሃ መግባቱ ያለ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ስትጠልቁ አዲስ ቀዝቃዛ ውሃ ሲሮጥ ከተሰማችሁ ግን የሚያስገባ ቦታ አለ። የት እንደሆነ ያዙና ውጡ።

ስትጠልቁ የጆሮ ግፊት አልስተካከል ካላችሁ ኮፍያው ሥር አየር ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ከመጥለቃችሁ በፊት የኮፍያውን ጠርዝ ሳብ አድርጋችሁ ትንሽ ውሃ አስገቡበት። ይፈታል።

9. የሚያሰምጣችሁን የእርሳስ ክብደት ለብቻው አስቡ

ጎማው ውስጥ ጋዝ ስላለ ይንሳፈፋል። በወፈረ ቁጥር ይብሳል። ስለዚህ ዳሌ ላይ የእርሳስ ቀበቶ ይታሰራል፤ የላስቲክ ይሁን፣ በአንድ እጅ ተስቦ የሚፈታ። ጥልቀት ላይ ሁኔታው ይገለበጣል። ባሕር ውስጥ 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላዩ እጥፍ ነው፣ ጋዙ በግማሽ ይጨመቃል፣ ልብሱ ይሳሳል፣ እናንተም ትከብዳላችሁ። ከላይ ለመጥለቅ ያመቻል ብሎ ብዙ እርሳስ ያሰረ ሰው ከታች ለመመለስ ይቸገራል። ላይ ላዩን አየር ብታስወጡም መንሳፈፍ አለባችሁ። በግማሽ ግማሽ ኪሎ እየጨመራችሁ ፈልጉት።

ገንዳ ውስጥ ያገኛችሁት ቁጥር ግን ለባሕር አይሠራም። ጨው ውሃ ከጨዋማ ያልሆነው በ2.5 በመቶ ገደማ ይከብዳል፣ ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋል። ከነልብሱ 80 ኪሎ ለሚሆን ሰው 2 ኪሎ ያህል ልዩነት ነው።

10. ሰልባጅ ካጋጠማችሁ

ሰልባጅ ተራ አንዳንዴ ዌትሱት ይወጣል። ሻጩ «የሞተር ልብስ ነው» ይላችኋል። አብዛኛው ጀርባው ላይ ዚፕ ያለው የማዕበል ተንሸራታቾች ልብስ ነው። ገንዳ ለመለማመጃ ይሆናል፣ ለባሕር አደን አይሆንም። መግዛት ካማራችሁ ጎማውን በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ልቀቁት። ወዲያው ካበጠ ነፍስ አለው። ጎድጉዶ ከቀረ ወይም ሲታጠፍ ስንጥቅጥቅ ካለ ጋዙ ሞቷል።

ያረጀም አዲስም ቢሆን ከተጠቀማችሁ በኋላ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ በሰፊ መስቀያ ስቀሉት። የሐዋሳ ፀሐይ ጎማ ትጨርሳለች። ትንሽ ከተቀደደ አይጣልም። የኒዮፕሪን ማጣበቂያ አሠራሩ የጫማ ሠሪዎቹ ማስቲሽ ዓይነት ነው፤ ሁለቱንም ከንፈር ስስ አድርጎ መቀባት፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ እንደገና መቀባት፣ ከዚያ አገናኝቶ ጭብጥ ማድረግ። እስከ ነገ አይነካ።

ልጁ ባሪ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ትናንት ማታ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ከኋላው ማዕበል ይሰማል፣ የአክስቴ ልጅ በጣሊያንኛ ሰው ሲሰድብም ይሰማል። «ጀርባዬ ላይ ጠብታ አልገባም» ይላል። «ለጋሼ ንገርልኝ፣ አልተቀደደም። እርሳሱ ግን አልበቃኝም፤ ሁለት ኪሎ ተበደርኩ።»